ቀልበ ቢስ ያልነው ባልደረባችን

በዚህ ገጽ ላይ በየቀኑ የምታገኙን የአገር ቤትን ወሬና የፖለቲካውን ውሎ ይዘን ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የጤና ጉዳይ ልናወጋችሁ ነው። «ይኼ ደግሞ ከእኛ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉምና ጥቂት ታገሡን። ታሪኩ የሚጀምረው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከስብሰባ አዳራሽ ነው፤ ጥፋተኞቹም እኛው ነን። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2007 መጀመሪያ ላይ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ጥቂት ሰዎች፣ ከምርጫ 97 በኋላ ለታሰሩ ወገኖች ቤተሰቦች መርጃ የሚያሰባስብ ኮሚቴ አቋቁመን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ዛሬም በዚህ ገጽ ላይ አብሮን የሚሠራ ባልደረባችን ነው። ስሙን እንዳንጠቅስ፣ ታሪኩን ግን እንዳናስቀር ነግሮናል። ሥራው ታክሲ መንዳት ነው። ሲጽፍ ብዕሩ እሳት ነው፤ ሲናገር አዳራሽ ያስነሳል። በቀጠሮ ግን አይገኝም። ጽሑፍ ለሰኞ ከተባለ ለሐሙስ ያመጣል፤ እሱንም ግማሹን። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ያቋርጣል። ቁልፍ፣ ስልክና መነጽር የጣለበትን ቀን ለመቁጠር ጣት አይበቃም። እኛም በቀልድ «ቀልበ ቢሱ» እያልን ስንጠራው ቆየን።

ታዲያ በአንድ የእሑድ ዝግጅት የተሰበሰበ 1,340 ዶላር በፖስታ ታሽጎ ማክሰኞ ባንክ እንዲያስገባ ለእርሱ ተሰጠ። ማክሰኞ አለፈ፤ ሳምንትም አለፈ። ሲጠየቅ «አስቀምጬዋለሁ፤ የት እንዳስቀመጥኩት ነው የጠፋኝ» አለ። ይህን መልስ ማን ያምናል? ጊዜውም ጥርጣሬ የነገሠበት ነበር፤ ድርጅቶች ለሁለት ለሦስት የሚሰነጠቁበት፣ ትናንት አብሮ የፎከረ ዛሬ «ሰርጎ ገብ» የሚባልበት። አንዱ «በላው» አለ። ሌላው ደግሞ «የለም፤ ይሄ ሰው ሥራችንን እንዲያደናቅፍ የተላከ ነው» አለ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ለዓላማው ታማኝ ሆኖ ባለመገኘቱ ተሰናብቷል» ተብሎ ተጻፈ። እኛም እጃችንን አውጥተን ደገፍን፤ ፈረምንም።

እሱ ግን ከታክሲው ገቢ እየቆረጠ ገንዘቡን በ14 ወር ከፍሎ ጨረሰ። በ2010 አንድ ማታ ለጽሑፉ አንድ ቃል ሊፈልግ የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ሲገልጥ፣ ፖስታው እንደታሸገ ከገጾቹ መካከል ወደቀ። «እዚህ ከሆነ አይጠፋብኝም» ብሎ ራሱ ያስቀመጠው ነበር። ሳይከፍተው ይዞልን መጣ። እኛም አየነው፤ «እንኳን ተገኘ» አልነውና ወደየሥራችን ተመለስን። ቃለ ጉባኤውን እናርመው ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ሦስት ሐኪም፣ ሦስት ስም

ያን ጊዜ ወንድማችን በምን ዓይነት ሕይወት ውስጥ እንደነበረ ያወቅነው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ለካ እኛ «ግድ የለውም» ስንል እሱ ከሐኪም ሐኪም ይንከራተት ኖሯል።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ የሄደው በ2006 ነው። እንቅልፍ አጥቷል፤ የግብር ወረቀቱን ሁለት ዓመት ሳያስገባ ቀርቷል፤ የታክሲ ፈቃዱን ማሳደስ ረስቶ ተቀጥቷል። ሐኪሙ ከየት እንደመጣ ጠየቀው። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስለተገደሉት ወጣቶች ሲያወራ አለቀሰ። ሐኪሙም «ድብርት ነው» ብሎ መድኃኒት ጻፈለት። ሐዘኑ ትንሽ ቀለል አለ። መርሳቱና መዝረክረኩ ግን እንዳለ ቀረ።

በ2009 ሌላ ሐኪም አየው። ስደተኛ መሆኑንና ከአገር እንዴት እንደወጣ ከሰማ በኋላ፣ «አሰቃቂ ነገር ካዩ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ነው» አለው። አንድ ዓመት ሙሉ ስላለፈው ነገር ሲያወራ ከረመ። «ማውራቱ ጥሩ ነበር» ይላል ባልደረባችን፤ «ግን ከዚያ ወጥቼ መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ለማስታወስ ግማሽ ሰዓት እዞር ነበር።»

በ2012 ሦስተኛው ሐኪም መጣ። ባልደረባችን ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ እንደሚያድር፣ ሲያወራ ካንዱ ወሬ ወደ ሌላው እንደሚዘል፣ ሳያስብ ዕቃ እንደሚገዛ ሰማና «ባይፖላር ነው» አለ። ሊቲየም ታዘዘለት። ሊቲየም ለትክክለኛው በሽተኛ ነፍስ የሚያድን መድኃኒት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ግን ዘወትር በምርመራ መታየት አለበት። ወንድማችን አፉ እየደረቀ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ አምስት ዓመት ወሰደው። በ2017 ሐኪም ሳያማክር አቋረጠው። ይህን ማንም ሰው እንዳይደግመው አጥብቆ ይመክራል፤ መድኃኒት የሚቆመው በሐኪም ምክር ነው።

ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንጽፈው። ሦስቱም የተናገሩት ከሚያዩት ተነሥተው ነው። ድብርት ያለበት ሰው ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። አሰቃቂ ነገር ያየም እንዲሁ። ባይፖላር ያለበትም አንዳንድ ጊዜ ይቅበጠበጣል፤ ንግግሩም ይፈጥናል። ምልክቶቹ እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰላሉ። መለያው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለው። ድብርት የሚጀምርበት ጊዜ አለው። ባይፖላርም ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይነሣል፤ ከዚያም ይበርዳል። የወንድማችን ችግር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ክረምት ከበጋ አብሮት የኖረ ነው። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የልጁ ወረቀት

ምሥጢሩ የተፈታው በልጁ በኩል ነው። በ2021 መጸው፣ ከኮቪድ በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ አስተማሪዋ ወላጆቹን ጠራቻቸው። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «ብልህ ነው፤ ግን ወንበሩ ላይ አይቆይም፤ የጀመረውን አይጨርስም፤ ሐኪም ቢያየው መልካም ነው» አለች።

ባልደረባችን ተቆጣ። «ልጄን እብድ ልትሉት ነው? እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ፤ ምን ሆንኩ?» አለ። ባለቤቱ ዝም ብላ አየችው። ሐኪሙ የሰጣቸውን የጥያቄ ወረቀት ማታ አብረው ይሞሉ ጀመር። ዕቃ ይጥላል ወይ? ሲያናግሩት የማይሰማ ይመስላል ወይ? ተራውን መጠበቅ ያቅተዋል ወይ? ብዙ ማሰብ የሚጠይቅ ሥራ ሲሰጠው ይሸሻል ወይ? ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ባለቤቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና «ይሄ ወረቀት የልጁ ነው ወይስ ያንተ?» አለችው።

ይህ በብዙ ቤት የሚሆን ነገር ነው። ችግሩ በዘር ከሚወርዱት መካከል ነው። መንትዮችን በማነጻጸር የተደረጉ ጥናቶች፣ በሰውና በሰው መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያሳያሉ። ልጅ ሲመረመር አባት ወይም እናት ራሳቸውን የሚያገኙት ለዚህ ነው።

እናት የጠበቁት ሳጥን

ስሙ በእንግሊዝኛ ምሕጻር ኤዲኤችዲ ይባላል። በአማርኛ የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ብንለው ያስኬዳል። በ49 ዓመቱ የመረመረችው ሐኪም በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ «ከ12 ዓመትህ በፊት እንዲህ እንደነበርክ የሚያስረዳ ነገር አለ?» አሜሪካዊ ቢሆን የድሮ ትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይጽፍለታል። የስደተኛ ልጅነት ግን ውቅያኖስ ማዶ ነው።

ደብረ ማርቆስ ወዳሉት እናቱ ተደወለ። ሐኪሟ በአስተርጓሚ ጥያቄዋን አቀረበች። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ልጁ ሞተር እንደሚነዳው ሆኖ ዕረፍት ያጣ ነበር ወይ የሚል ነው። አስተርጓሚው ቃል በቃል አስተላለፈው። እናትም «የለም የኔ ልጅ፤ ሞተር ከየት አምጥተን? ብስክሌት ነበረው፤ እሱንም ገበያ ላይ ትቶት መጥቶ ጠፋ» ብለው መለሱ። ሳቅ ሆነ። መልሱ ግን ከጥያቄው በላይ ተናግሮ ነበር።

ከዚያ እናት አወጉ። ዳቦ ግዛ ተብሎ ተልኮ ኳስ ሲያይ እንደሚመሽበት፤ የቤቱን ቁልፍ አራት ጊዜ እንደጣለ፤ ቅዳሴ ላይ እግሩ አልቆም ስለሚል ከደጀ ሰላም ውጭ እንደሚጠብቃቸው፤ «ምን ነክቶብኝ ይሆን?» ብለው ሰባት ቀን ጠበል እንዳስጠመቁት። «ክፉ ልጅ አልነበረም» አሉ፤ «ቀልቡን ነው የሚሰርቁት።»

እናት ያላሉት ነገርም ነበር። እኅቱ ሳጥን ከፍታ የ1975 ዓ.ም. የሦስተኛ ክፍል ካርዱን በስልክ ፎቶ አንሥታ ላከችው። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ከክፍሉ 4ኛ፣ በሁለተኛው 51ኛ ወጥቷል። የክፍል ኃላፊው አስተማሪ ከታች በቀይ እስክሪብቶ «አእምሮው ንቁ ነው፤ ልቡ ግን ክፍል ውስጥ የለም። ወላጅ ይምከረው» ብለው ጽፈዋል። ያ አስተማሪ ሐኪም አልነበሩም። ከሦስቱ ሐኪሞች በፊት በሽታውን የጻፉት ግን እሳቸው ናቸው፤ እንደ በሽታ የሚያነበው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ለምን ሳይታወቅ ቆየ?

«ይህ የፈረንጅ ፈጠራ ነው፤ በእኛ ዘመን አልነበረም» የሚል ብዙ ነው። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም፣ አእምሯቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግታትና ትኩረታቸውን ማጽናት ስለሚሳናቸው ልጆች ለንደን ላይ ለሐኪሞች ንግግር አድርጎ ነበር። በ1937 ደግሞ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ ቻርልስ ብራድሊ የተባለ ሐኪም ለራስ ምታት ብሎ ለልጆች የሰጠው አነቃቂ መድኃኒት፣ የሚቅበጠበጡትን አረጋግቶ በትምህርታቸው እንዳሻሻላቸው አስተዋለ። የሚያነቃ መድኃኒት የሚቅበጠበጥን ሰው ማረጋጋቱ እስከ ዛሬ ሰውን ያስገርማል።

ታዲያ ለምን አዋቂዎቹ ተረሱ? የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1968 ያወጣው የምርመራ መመሪያ ችግሩን የልጅነት አድርጎ ነበር የሚያየው፤ ልጁ ሲጎረምስ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል ይል ነበር። በ1980 ስሙ ተለውጦ የትኩረት ጉድለቱ ዋና ነገር ሆነ፤ መቅበጥበጥ የሌለበት ዓይነት መኖሩም ታመነ። በ1987 አሁን የሚጠራበትን ስም አገኘ። በ2013 የወጣው መመሪያ ደግሞ ምልክቶቹ መታየት ያለባቸውን የዕድሜ ጣራ ከ7 ወደ 12 ዓመት ከፍ አደረገ፤ ለአዋቂዎችም ከስድስት ምልክት ይልቅ አምስት እንዲበቃ ወሰነ። በእንግሊዝ የመንግሥቱ የሕክምና መመሪያ አዋቂዎችን በግልጽ ያካተተው በ2008 ነው። እንግዲህ ወንድማችን በ2006 ሐኪም ፊት ሲቀመጥ፣ ብዙ ሐኪሞች «ኤዲኤችዲ» ሲባል የሚታያቸው ዴስክ ላይ የሚዘል የስምንት ዓመት ልጅ ነበር እንጂ የ33 ዓመት ታክሲ ነጂ አልነበረም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2023 በሰበሰበው መረጃ መሠረት፣ በአገሪቱ 15.5 ሚሊዮን አዋቂዎች፣ ማለትም ከመቶ ስድስቱ፣ ይህ ምርመራ አላቸው። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ችግሩ የታወቀላቸው 18 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። ወንድማችን ብቻውን አይደለም ማለት ነው።

በአገር ቤትማ ነገሩ ከዚህም የራቀ ነበር። ለረጅም ዘመን «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ ለስድብ ይውል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድን ልጅ መቅበጥበጥ ማን ያይለት ነበር? ያለው መድኃኒት አርጩሜና ጠበል ነበር።

ዝምተኞቹስ?

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ያነበበች፣ አውሮፓ የምትኖር አንዲት እኅታችን «የወንዱን ብቻ ጻፋችሁ» ብላ ወቀሰችን። ትክክል ነች። ወንዱ ልጅ ሲረብሽ አስተማሪ ይጮኻል፤ ሰውም ያየዋል። ብዙ ሴቶች ላይ ግን ችግሩ የሚታየው በዝምታ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ በመስኮት የምታይ ልጅ ማንንም አታስቸግርም። ስታድግ ቤት አይከናወንላትም፤ ድስት እሳት ላይ ረስታ ታሳርራለች፤ የጀመረችው ኮርስ ሳያልቅ ሌላ ትጀምራለች፤ ማታ ማታ ራሷን ትረግማለች። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የሚታየው ጭንቀቷና ድብርቷ ነው፤ የሚታከመውም እሱ ብቻ ይሆናል። እኅታችን «እናቴ ‘ባለሙያ አይደለሽም’ ስትለኝ ኖራለች፤ እኔም አምኛት ኖሬያለሁ» ብላ ጽፋልናለች። በእኛ ባህል ለሴት ልጅ ከዚህ የከፋ ስም አለ እንዴ?

ገበያው ሲፈታ

ባልደረባችን መድኃኒቱን በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰማውን እንዲህ ነገረን፤ «ጭንቅላቴ ውስጥ የቅዳሜ ገበያ ነበር። በግ ይጮኻል፣ ሻጭ ይጣራል፣ ልጅ ያለቅሳል። ሰው ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ገበያው ተፈታ። ጸጥ አለ። አንድ ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ።»

መድኃኒቶቹ በአእምሮ ውስጥ ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ሥራ ያግዛሉ። እንደ ሪታሊንና አደራል ያሉት አነቃቂዎች ናቸው፤ አነቃቂ ያልሆኑም አሉ። የምግብ ፍላጎት ሊቀንሱ፣ እንቅልፍ ሊነሡ፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪም መከታተል አለበት። ለሁሉም ሰው አይስማሙም፤ ችግሩንም ከሥሩ አይነቅሉም። ባልደረባችን ከመድኃኒቱ ጋር ሌላም ነገር ተምሯል፤ ቁልፍ የሚሰቀልበት አንድ ቦታ ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ የሚጮኽ ስልክ፣ ገንዘብ ሲቀበል ወዲያው ለባለቤቱ መላክ።

አንድ ነገር አስታውሶ ሳቀ። ለማትሪክ ሲያጠና ጓደኞቹ ጫት ቅመው ሲመረቅኑና ወሬው ሲደራ፣ እሱ ብቻ ጸጥ ብሎ መጽሐፉን ያነብ ነበር። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአነቃቂ መድኃኒቶቹ የሩቅ ዘመድ ነው። ይህን ስንጽፍ ጫት መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። መጠኑ አይታወቅም፤ ሱስም ያስይዛል፤ አሜሪካ ውስጥ ሕገ ወጥ ነው፤ በእንግሊዝም በ2014 ታግዷል። ግን ሳያውቁ ራሳቸውን በጫት፣ በቡና ወይም በመጠጥ ለማከም የሚታገሉ ወገኖች በመካከላችን እንዳሉ ማሰብ አይከፋም።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። መድኃኒቱን በጀመረ በወራት ውስጥ፣ በጥቅምት 2022፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የአደራል እጥረት መከሰቱን ይፋ አደረገ። ወንድማችን ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ከረመ። እነዚህ አነቃቂዎች በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ በየጊዜው አዲስ የሐኪም ትእዛዝ ይጠየቃል። ለሌላ ሰው ማካፈልም ሆነ መሸጥ ወንጀል ነው። ወደ ሌላ አገር ይዞ መጓዝም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ቁጥጥር ለሚደረግባቸው መድኃኒቶች አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። በዱባይ አድርጋችሁ ወደ አገር ቤት የምትጓዙ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ደግሞ ይህን አንብቦ «እኔም አለብኝ» ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። ቀስ እንበል። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ አራት ሰዓት የሚተኛ፣ ሌሊቱን የአገር ቤት ዜና ሲከታተል የሚያድር ሰው ቢዘነጋ አይገርምም። የእንቅርት ዕጢ ችግርና የእንቅልፍ መታወክም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው። አንድ ሰው ኤዲኤችዲም ድብርትም አብረው ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ስለዚህ የቀድሞው ሐኪም ሁሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ስለ ልጅነታችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ። እናት፣ አክስት፣ ታላቅ እኅት በሕይወት ካሉ ጠይቋቸው። የትምህርት ቤት ካርድ ካለ አስልኩ። አስተርጓሚ ካስፈለገም፣ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ነገሩን የሚያስረዳ ሰው ይሰጠን በሉ።

ቃለ ጉባኤው ይታረም

ባልደረባችን ውጤቱን የሰማ ዕለት ደስ ያለው መስሎን ነበር። እሱ ግን መኪናው ውስጥ ገብቶ አለቀሰ። ያለቀሰው ስለ በሽታው አልነበረም። ስላቋረጠው ዩኒቨርሲቲ፣ ስላልጨረሳቸው ሁለት መጻሕፍት፣ «አባትህ ያላሳካው ነገር» እየተባለ ስለሚነገረው ልጁ ነበር። «ሰነፍ ነኝ ብዬ 49 ዓመት ኖርኩ» አለን፤ «ሰነፍ ሰው እኮ እንዲህ አይደክመውም።»

ይቅርታ ልንጠይቀው ስንጀምር አስቆመን። «በሽታ ነበር ብዬ ጥፋቴን ሁሉ አላራግፍም። የእስረኛ ቤተሰቦች በእኔ ምክንያት ገንዘባቸው ዘግይቶባቸዋል፤ እሱን እኔ እሸከማለሁ። ጠፋብኝ ብዬ ነበር፤ እውነት ነበር። ሰርጎ ገብ ግን አልነበርኩም። እኔ የምፈልገው ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ነው» አለ።

ያ ኮሚቴ በ2012 ፈርሷል። መዝገቡ ግን እኛ ዘንድ አለ። በአበው አነጋገር በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ደግሞ በሽታውን ከሸሸገው ሰው ይልቅ በሽታውን ሳይጠይቁ ስም የሚያወጡ ሰዎች እንደሚብሱ ከራሳችን አይተናል። ሐኪሞቹ ሦስት ጊዜ ተሳስተው በአራተኛው አረሙ። እኛ አንድ ጊዜ ተሳስተን 15 ዓመት ሳናርም ቆየን። ፖስታው ታሽጎ ፊታችን በተቀመጠበት ቀን እንኳን አላረምንም። ዛሬ በየስብሰባው፣ በየቴሌግራሙ «ሰርጎ ገብ»፣ «ግድ የለሽ»፣ «ተላላኪ» እያልን የምናባርራቸው ሰዎች ስንቶቹ እንዲህ ያለ ካርድ በእናታቸው ሳጥን ውስጥ ይኖራቸው ይሆን?

እንግዲህ በዚያ ጉባኤ ላይ እጃችንን ካወጣነው መካከል በሕይወት ያለነውና በዚህ ገጽ የምንሠራው አራታችን፣ በመዝገቡ ኅዳግ ላይ የሚከተለውን ጽፈን ፈርመናል፤ «በ2007 ከኮሚቴው የተሰናበተው ወንድማችን ለዓላማው ታማኝ ነበር። ገንዘቡ ጠፍቶበት ነበር፤ ከፍሎታል፤ በኋላም ተገኝቷል። ውሳኔው ስሕተት ነበር።»

ይህን ጽሑፍ ለሰኞ እንዲያርምልን ሰጥተነው ነበር። እሑድ ማታ አድርሶልናል።

ቸር ይግጠመን።